ከአንድ ቁሌት ብዙ ወጥ፦ የአጠቃቀም መመሪያዎች ከአንድ ሰነድ እንዴት ይወጣሉ?

ጎንደር አጠገብ ባለው ደምቢያ ሜዳ ላይ ወባ የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲደርስ የሚጠብቀው አንድ ባለሙያ ብቻ አይደለም። የላቦራቶሪው ባለሙያ ከጣቱ ደም ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያያል። ጤና መኮንኑ ውጤቱን አይቶ መድኃኒት ያዛል። ነርሷ ክኒኑ እንዴት እንደሚዋጥ ታስረዳለች፤ የታማሚውን ሁኔታም ትከታተላለች። የአካባቢ ጤና ባለሙያው ደግሞ ሰፈር ድረስ ወርዶ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ያስደፍናል፤ አጎበር መሰቀሉን ያያል። በሽታው አንድ ነው፤ ሥራው ግን አራት ነው። ልጇን ቤት የምታስታምም እናት ስትጨመር አምስት ይሆናል።

ለእነዚህ አምስት ሰዎች መመሪያ አዘጋጁ ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ? አምስት መጽሐፍ ከጻፋችሁ ስለ ወባ ትንኝ የሚናገረው ክፍል አምስት ጊዜ ይደገማል። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከጻፋችሁ ደግሞ እናቲቱ የምትፈልጋትን አንድ ገጽ ለማግኘት ስለ ደም ናሙና አዘገጃጀት የሚያትት ምዕራፍ ማገላበጥ አለባት። ሦስተኛ መንገድ አለ። ሁሉንም አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ ትጽፉና ለእያንዳንዱ አንባቢ የሚገባውን ከዚያው መርጣችሁ ታወጣላችሁ። የመድኃኒት፣ የስልክ፣ የውኃ ፓምፕ፣ የአውሮፕላን መመሪያ የሚያዘጋጁ ድርጅቶች የሚሠሩበት ዘዴ ይኸው ነው።

የጎንደሩ ቡድን

ጎንደር ይህን ጥያቄ ያገኘችው ኮምፒዩተር አገር ውስጥ ሳይገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የወባ ወረርሽኝ ደምቢያን ክፉኛ መታ፤ በዓመቱ በ1954 በከተማዋ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጎን ሆነው አግዘዋል። ኮሌጁ ያሠለጠነው ሐኪም ሳይሆን ቡድን ነበር፦ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ጤና ባለሙያ። ትምህርት ቤቱ አድጎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ተማሪዎችን በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ መላኩ አልቀረም፤ ተማሪዎቹ «ቲቲፒ» ይሉታል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ የጤናና የትምህርት ሚኒስቴሮች ከካርተር ማዕከል ጋር ሆነው የኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ሥልጠና ኢኒሼቲቭን ጀመሩ። ጎንደር፣ ጅማ፣ ዓለማያ፣ የዛሬው ሐዋሳና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ተሳተፉበት። የመምህራኑ አንዱ ሥራ ለጤና ጣቢያ ቡድን የሚሆኑ ሞጁሎችን መጻፍ ነበር። ሞጁሎቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ አሠራራቸው ግን ከቋንቋው ይልቅ ትኩረት ይስባል። መጀመሪያ «ዋና ሞጁል» ይመጣል፤ በሽታው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ እንዴት እንደሚታከምና እንደሚከላከሉት ለሁሉም ያስተምራል። ከዚያ «ሳተላይት ሞጁሎች» ይከተላሉ፤ አንዱ ለጤና መኮንን፣ አንዱ ለነርስ፣ አንዱ ለአካባቢ ጤና፣ አንዱ ለላቦራቶሪ ባለሙያ። ቤት ውስጥ ለሚያስታምም ሰው የሚነገር አጭር መልእክትም አለ። ፈተናው ሳይቀር ሁለት ክፍል ነው፦ የመጀመሪያውን ሁሉም ይሠራዋል፤ ሁለተኛው በየሙያው ይለያያል።

እዚህ ላይ የሶፍትዌር ጉዳይ ገና አልተነሳም። መምህራኑ ያደረጉት የሁሉም የሆነውን ከአንዱ ብቻ ከሆነው መለየት ነው። ከባዱ የሐሳብ ሥራ እርሱ ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቅጂ ሲበዛ

መለያየቱ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባን አንድ ነገር ሲቀየር ነው። የወባን ሕክምና እንይ። ለረጅም ጊዜ መድኃኒቱ ክሎሮኪን ነበር። ፋልሲፓረም የሚባለው ጥገኛ ክሎሮኪኑን ሲለምደው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነቱ ወባ ወደ ፋንሲዳር ዞረች። ፋንሲዳርም አልቆየ፤ በ2004 በኮአርተም ተተካ። ቫይቫክስ ለሚባለው ሌላው ዓይነት ግን ክሎሮኪን ቀጠለ።

እንግዲህ የመድኃኒቱ ስም በጤና መኮንኑ መጽሐፍ፣ በነርሷ መጽሐፍ፣ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ፖስተር፣ ለእናቶች በሚታደለው ወረቀትና በማሠልጠኛ ስላይድ ላይ ለየብቻ ተጽፎ ከሆነ አምስት ቦታ መታረም አለበት። አራቱ ታርመው አንዱ ይረሳል፤ የሚረሳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለው ነው። ስሙ አንድ ቦታ ብቻ ተጽፎ ሌሎቹ ከዚያ የሚቀዱ ከሆነ ግን እርማቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የቀረው አምስቱን ቅጂ እንደገና ማውጣትና አሮጌውን ከግድግዳ ማንሳት ነው። ማንሳቱን ኮምፒዩተር አይሠራውም።

ድግስ ቤት የሠራ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጿሚና የፍስክ በዪ አብረው በሚስተናገዱበት ድግስ ሽንኩርቱ በትልቅ ድስት በዘይት ይቁላላል፤ በርበሬው ገብቶ ይበስላል። ቁሌቱ ሲደርስ ለምስሩ፣ ለሥጋው፣ ለዶሮው እየተቀነሰ ይከፈላል። ቅቤ የሚገባው ከተከፈለ በኋላ ነው፤ ትልቁ ድስት ላይ ጠብ ካለች ጿሚው ከሁሉም ወጥ ይቀራል። ለዋናው ሰነድም ሕጉ ይኸው ነው፦ የአንዱ አንባቢ ብቻ የሆነ ነገር የጋራው ክፍል ውስጥ አይገባም። ጣጣውም አብሮ ይመጣል፤ ቁሌቱ ላይ ጨው ከበዛ ጨው ያልበዛበት ወጥ አይገኝም። በምንጩ የተሠራ ስህተት ሁሉም ቅጂ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የጋራው ክፍል ከሌላው ይልቅ ደጋግሞ መቀመስ አለበት።

ሦስቱ መሣሪያዎች

የትኛውም ሶፍትዌር ይሁን፣ ሥራው የሚሠራው በሦስት መሣሪያዎች ነው።

አንደኛው የጋራ ክፍል ነው። አንድ ጊዜ ተጽፎ ለብቻው ይቀመጣል፤ የሚፈልገው መመሪያ ሁሉ በስሙ ይጠራዋል። ኮፒና ፔስት አይደለም፤ ኮፒና ፔስት የተደረገ ነገር ከምንጩ ጋር ያለው ዝምድና እዚያው ያበቃል።

ሁለተኛው ክፍት ቦታ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ወይም ስሙ ብቻ ሲለያይ ቦታው ክፍት ይተውና እያንዳንዱ ቅጂ የራሱን ይሞላበታል። ኮአርተምን ውሰዱ። የሚታደለው በክብደት በተለዩ እሽጎች ነው። ከ5 እስከ 14 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ 1 ፍሬ፣ ከ15 እስከ 24 ኪሎ 2፣ ከ25 እስከ 34 ኪሎ 3፣ 35 ኪሎና ከዚያ በላይ 4 ፍሬ ነው። ለሁሉም ግን በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ይወሰዳል። ስለዚህ እሽጎቹ 6፣ 12፣ 18 እና 24 ፍሬ ይይዛሉ። «በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ» እና «ከምግብ ጋር ይወሰድ» የሚሉት የጋራ ናቸው፤ የፍሬው ብዛት ክፍት ቦታ ነው። አራት ቅጂ፣ አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ።

ሦስተኛው ምልክት ነው። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለአንዱ ቅጂ ያስፈልጋል፤ ለሌላው አያስፈልግም። ጎንደር ውስጥ ቀሐ አካባቢ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሠራ ወርክሾፕ አለ እንበል። ትንሹ ምጣድ 2500 ዋት፣ ትልቁ 3500 ዋት ይስባል። መመሪያው ለገዢውም ለጠጋኙም ይሆናል። ዋናው ሰነድ ይህን ይመስላል፦

ለሁሉም፦ አዲሱን ምጣድ ከመጋገርዎ በፊት በጎመን ዘር ያሟሹት።
ለሁሉም፦ ይህ ምጣድ [ኃይል] ዋት ይስባል።
ለትልቁ ብቻ፦ ከቆጣሪው ለብቻው የተሳበ መስመርና የ20 አምፔር ብሬከር ያስፈልገዋል።
ለገዢ ብቻ፦ ምጣዱ መጋል ካቆመ አይፍቱት፤ ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት።
ለጠጋኝ ብቻ፦ ብሬከሩን አጥፍተው ምጣዱ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱን ይለኩ።

ከእነዚህ አምስት መስመሮች አራት መመሪያ ይወጣል፦ የትንሹ ገዢ፣ የትልቁ ገዢ፣ የትንሹ ጠጋኝ፣ የትልቁ ጠጋኝ። ሶስተኛው መስመር ለምን ለትልቁ ብቻ ሆነ? 3500 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል፤ የ16 አምፔር ብሬከር ጫፉ ላይ ይሠራና እንጀራው ሳይወጣ ሊወርድ ይችላል። ትንሹ ከ11 አምፔር ትንሽ ነው የሚያልፈው። ለትንሹ ገዢ ይህን ብትነግሩት ያለ ጥቅም ኤሌክትሪሺያን ይጠራል። ለትልቁ ገዢ ካልነገራችሁት ደግሞ ምጣዱ ተበላሸ ብሎ ይመልስላችኋል።

አማርኛ ሲጻፍበት

ክፍት ቦታ መተው በእንግሊዝኛ ቀላል ነው። አማርኛ ግን ስሙ ላይ «ን» ይቀጥላል፤ «የ» ያስቀድማል፤ ግሱ ደግሞ ወንድና ሴት ይለያል። የሥልጠና ሰርተፍኬት ላይ «አቶ/ወ/ሮ/ወ/ሪት … ሥልጠናውን አጠናቋል/አጠናቃለች» የሚል ያላየ የለም፤ በአንድ ጽሑፍ ሁሉንም ለማስተናገድ የተደረገ ሙከራ ነው። የተሻለው መውጫ ሁለት ነው። አንደኛው አንባቢን «እርስዎ» ብሎ መጻፍ ነው፤ አክብሮቱም ይጠበቃል፣ የወንድና የሴቱ ጣጣም ይጠፋል። ሁለተኛው ምልክቱን በቃል መካከል ሳይሆን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ላይ ማድረግ ነው። ግማሽ ዓረፍተ ነገር ለአንዱ፣ ግማሹ ለሌላው ከተባለ አንድ ቀን ማሰሪያ አንቀጹ የጠፋበት መመሪያ ይታተማል።

ሰዓትና ቀንም እንዲሁ ናቸው። በአማርኛው ቅጂ «ጧት 2 ሰዓት» ያለው በእንግሊዝኛው 8 ይሆናል። መድኃኒቱን «ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይተው ይውሰዱ» የሚለው ግን በየትኛውም ቋንቋ 8 ነው፤ አይቀየርም። የሰዓት ቁጥርን ሁሉ በጅምላ የቀየረ ሰው መድኃኒት በተሳሳተ ሰዓት ያስውጣል። ስለዚህ ሰነዱ ውስጥ የቀኑ ሰዓትና የቆይታ ሰዓት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው መመዝገብ አለባቸው።

ቀኑን ደግሞ ከቀሐ ወንዝ በሚሞላው የፋሲል መዋኛ እናስተውል። ለጎብኚ የሚዘጋጅ ወረቀት በአማርኛ «ጥምቀት ጥር 11» ይላል፤ ሁልጊዜም ትክክል ነው። በእንግሊዝኛው «ጃንዋሪ 19» ብሎ የደመደመ ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2024 እንግዳውን በከተራ ዕለት በጥምቀት ስም ያመጣዋል፤ ከእነዚያ በዓላት በፊት ያለፈችው ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች በዓሉ የዋለው በ20 ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር በእጅ አይጻፍም፤ ከዋናው ቀን እየተሰላ በየዓመቱ ይሞላል።

ይዘት ሌላ፣ መልክ ሌላ

አንድ ሰነድ ለወረቀትም፣ ለስልክም፣ ለግድግዳም እንዲሆን ከተፈለገ ስለ መልኩ ምንም መናገር የለበትም። ርዕሱን አድምቆ፣ አሳድጎ፣ ሰማያዊ ቀብቶ መተው አይበቃም፤ «ይህ ርዕስ ነው» ማለት ያስፈልጋል። ርዕስ በወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል፣ በስልክ ላይ ምን እንደሚመስል ሌላ ቦታ ይወሰናል። ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቻርልስ ጎልድፋርብ፣ ኤድዋርድ ሞሸርና ሬይመንድ ሎሪ አይቢኤም ውስጥ ጂኤምኤልን ሲሠሩ ጽሑፉን በመልኩ ሳይሆን በሥራው ምልክት አደረጉበት፤ የስሙ ሦስት ፊደላትም የሦስቱ ሰዎች ናቸው። ከዚያ መስመር በ1986 ኤስጂኤምኤል፣ በ1998 ኤክስኤምኤል ወጡ። አይቢኤም ለራሱ መመሪያዎች የሠራው ዲታ ደግሞ በ2005 ለሁሉም ክፍት የሆነ መስፈርት ሆነ። ዲታ እያንዳንዱን ቁራጭ «ማብራሪያ»፣ «የሥራ ቅደም ተከተል» ወይም «ማጣቀሻ» እያለ ይለያል፤ መመሪያው የሚሠራው ከእነዚህ ቁርጥራጮች ነው።

እኛ ግን አንድ ተጨማሪ እንቅፋት ነበረብን። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የሚባሉት የአማርኛ መጻፊያዎች በነበሩበት ዘመን የአማርኛ ፊደል የሚቀመጠው ለላቲን በተሰጠ ቦታ ላይ ነበር፤ እያንዳንዱ ፎንትም የራሱ አደራደር ነበረው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ነው። ጽሑፉና መልኩ ስላልተለያዩ ከአንድ ሰነድ ሌላ ቅጂ ማውጣት አይታሰብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም ፎንት፣ በየትኛውም ስልክ «ሀ» ናት። በድሮ ፎንት የተጻፈ መመሪያ ያለው መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ሥራው እርሱን ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ነው።

ትርጉም ሲጨመር

ቋንቋ ሲጨመር ቅጂው ይባዛል። አራቱ የምጣድ መመሪያዎች በሁለት ቋንቋ ሲሆኑ ስምንት ናቸው። እዚህ ላይ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ነጋሪት ጋዜጣ ነው። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በዓምድ ይታተማሉ፤ አንቀጽና ንዑስ አንቀጹ በቁጥር ይገጥማል። አዋጅ ሲሻሻል የተነካው አንቀጽ በቁጥሩ ይታወቃል፤ ሌላው እንደገና አይተረጎምም። ሁለቱ ቢጋጩ የትኛው እንደሚጸናም አስቀድሞ ተወስኗል፦ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት አማርኛው ነው። ለመመሪያም ሁለቱ ያስፈልጋሉ። ቁራጩ ሁሉ ቁጥር ይኑረው፤ የትኛው ቋንቋ ምንጭ እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን።

ዘዴው እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ማየት ለሚፈልግ አውሮፕላን አለ። ጎንደር አፄ ቴዎድሮስ የሚያርፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኪው 400 ከወንድሞቹ ጋር አንድ ይመስላል፤ ዕቃው ግን በአንዳንዱ ላይ ይለያል። የጥገና መመሪያው ስለዚህ እያንዳንዱ የሥራ ቅደም ተከተል የሚመለከተው የትኞቹን አውሮፕላኖች እንደሆነ ይናገራል። ቴክኒሺያኑ ቁልፉን ከማንሳቱ በፊት የሚያረጋግጠው ይህንኑ ነው። ከምጣዱ «ለትልቁ ብቻ» በሐሳብ አይለይም።

በወርድ መጀመር ይቻላል

ይህን ለመሥራት ውድ ሶፍትዌር መግዛት ግድ አይደለም። ማንኛውም የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ላይ ያለው ወርድ ይበቃል። ርዕሶችን በእጅ ከማድመቅ በስታይል ስሯቸው። ለክፍት ቦታዎቹ ሜይል መርጅን ተጠቀሙ፤ ኤክሴል ላይ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቅጂ፣ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ክፍት ቦታ ይሁን። ለምልክቱ «ለጠጋኝ» የሚባል ስታይል ፍጠሩና የገዢውን ቅጂ ስታወጡ ያ ስታይል እንዲደበቅ አድርጉ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፦ የተደበቀው ጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ አለ። ለገዢ የሚሰጠው ፒዲኤፍ እንጂ የወርድ ፋይሉ አይደለም።

አንድ ምርት፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ አንባቢ ላለው ግን ይህ ሁሉ ልፋት ትርፍ ነው፤ ሁለት ገጹን ጽፎ ያሳትም። ድካሙ የሚክሰው ቅጂው ከሁለት ሲያልፍ ወይም ይዘቱ ቶሎ ቶሎ ሲቀየር ነው። ምልክትም ሲበዛ ራሱ ችግር ይሆናል፤ «ለትልቁ፣ ለጠጋኝ፣ ለእንግሊዝኛው፣ ለ2016ቱ» እየተባለ ከተደራረበ ዋናውን ሰነድ የጻፈው ሰው እንኳ ምን እንደሚወጣ አያውቅም። ስለዚህ የሚወጣውን እያንዳንዱን ቅጂ አንባቢው ሆኖ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። ግርጌው ላይም ቀንና የእትም ቁጥር ይኑር፤ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያለው አሮጌው ይሁን አዲሱ በምን ይታወቃል?

ከሁሉም በላይ የሚከብደው የእጅ ልማድን መግታት ነው። ማተሚያ ቤት ሄዳችሁ ፕሩፉ ላይ ስህተት ታያላችሁ፤ ዲዛይነሩ እዚያው ያርመዋል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል። ያ እርማት ያን ቀን ወደ ዋናው ሰነድ ካልተመለሰ በሚቀጥለው እትም ስህተቱ በአራቱም መመሪያዎች ላይ ተመልሶ ይመጣል። የሚታረመው ምንጩ ነው፤ ቅጂው እንደገና ይወጣል እንጂ አይታረምም።